በቦራ ፈንታ እኔ ገባሁ

ተሳቢ መግዛት ቀላል ነገር ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ሁለት ጎማ ያለው ሳጥን ነው፤ መኪና ላይ ታንጠለጥለዋለህ፣ ትጎትተዋለህ፣ አለቀ። እንደዚህ እያልኩ ነው ሦስት ከተማ የዞርኩት፣ ደህና ሱሪዬን የቀደድኩት፣ በመጨረሻም ዓለም ገና ላይ በጠራራ ፀሐይ ተቆልፎብኝ ለአላፊ አግዳሚው ፈረስ አለመሆኔን ሳስረዳ የቆየሁት። አሁን ሁሉም አልፏል፣ ተመስገን ነው። እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁና ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአማቴ ነው። በእኛ ቤት ብዙ ነገር የሚጀምረው ከእሳቸው ነው፤ ይህን ግን ለባለቤቴ ለለሊሴ እንዳትነግሩብኝ።

አማቴ የሱሉልታ ሰው ናቸው። እዚያ ፈረሰኛ የሆነ ሰው አባቱ ባወጣለት ስም አይጠራም፣ በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው። የአማቴ ፈረስ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ ፈረስ ነው። ስለዚህ እሳቸው አባ ቦራ ናቸው። ሠርግ ቤት፣ ልቅሶ ቤት፣ ሽምግልና ላይ "አባ ቦራ መጡ" ሲባል ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። የመታወቂያ ስማቸውን እኔ ራሴ የሰማሁት ልጃቸውን ካገባሁ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሐኪም ቤት ካርድ ሲወጣላቸው ነው። ነርሷ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ስትጠራ "ይሄ ሰውዬ የት ሄዶ ነው?" እያሉ አብረውን ዙሪያውን ሲፈልጉ ነበር።

ሐኪም ቤት የወሰዳቸው ጉልበታቸው ነው። ጉልበታቸው አላስኬድ ሲላቸው ለሊሴ ሰበታ እኛ ቤት አመጣቻቸው። ቦራ ሱሉልታ፣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ "የለሊሴ አባት" ሆኑ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በደህና ልብ "የለሊሴ አባት፣ እንደምን አደሩ?" ይሏቸዋል፤ እሳቸው ዝም። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ጎተት አደረጉኝና "ጆሮአቸው ደከመ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ጆሮአቸውስ ደህና ነው፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ስለ እሳቸው የማንሾካሹከውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል። የተጠራው ሰው ሌላ ሰው ስለሆነባቸው ነው።

ቀስ በቀስ ምግብ ቀነሱ። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በጅማ መንገድ የሚያልፈውን መኪና ያያሉ። እኔ ብዙም ሆደ ቡቡ ሰው አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ከሥራ ስገባ እሳቸውን እዚያ ማየት እየከበደኝ በጓሮ በር መግባት ጀመርኩ።

ይባስ ብሎ የወንድማቸው ልጅ ደወለ። "ቦራ ሣር እየበላ ከመተኛት በቀር ሥራ የለውም። እስከ መስቀል ካልወሰዳችሁት ጋሪ ላይ አስረዋለሁ" አለ። አማቴ ስልኩን ለለሊሴ መልሰው ገብተው ተኙ። ያ ሠርግ ሲያደምቅ፣ ጉግስ ሲያሸንፍ የኖረ ፈረስ ሲሚንቶ ሊጎትት! በማግስቱም አልተነሱም።

"እኔ አመጣዋለሁ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"በምን?" አለች ለሊሴ።

"በአይሱዙ ነዋ።"

"አይሱዙ አይሆንም" የሚል ድምፅ ከብርድ ልብሱ ሥር መጣ። ለካ ዱሮ ቦራን አይሱዙ ላይ ጭነው ጫንጮ ሲወስዱት፣ ገና ሞተሩ ሲነሳ ዘሎ ወርዶ እግሩ ተሰንጥቆ ነበር። በእግሩ ይምጣ እንዳንል ደግሞ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ነው፤ ባጃጅ ሲያይ የሚደነብር ፈረስ። በመጨረሻ ለሊሴ ቆረጠች። እቁብ ደርሷት ስለነበር የራሳችንን ተሳቢ እንገዛለን፣ ከዚያ በኋላ ሠርግ ላላቸው ሰዎች ፈረስ እናመላልስበታለን አለች። "ግን አንድ ጊዜ ነው የምንገዛው። አይተህ ግዛ።"

"አይተህ ግዛ" የምትለኝ በምክንያት ነው። ከዚህ በፊት አይቼ የገዛሁት ፍሪጅ ዛሬ የጫማ መደርደሪያ ነው።

እኔ የአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ያልለካሁትን ነገር አላምንም። ስለዚህ በመጀመሪያ ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ሱሉልታ ድረስ ሄድኩና ቦራን ለካሁት። ቁመቱን፣ ርዝመቱን፣ የደረቱን ስፋት፣ ሌላው ቀርቶ የጆሮውን ርዝመት ሳይቀር በጥንቃቄ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ሜትሩን ልጠቀልል ዞር ስል ቦራ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ በላው። ሳይቸኩል፣ እያጣጣመ ነው የበላው። እንደገና ለካሁት፤ ሁለተኛውን ወረቀት ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ።

ይህን ለአማቴ ስነግራቸው ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ከዘራቸውን ያዙ። "አብሬህ እሄዳለሁ" አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በእነሱ ባህል አማች ለአማቱ እምቢ አይልም። ፊት ለፊት አይከራከርም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ የተባለውን "ቶሌ" ማለትም እሺ ብሎ ይፈጽማል። ስጋባ ይህን ሲነግሩኝ ምን ችግር አለው ብዬ ነበር።

የመጀመሪያውን ተሳቢ ያየነው እዚሁ ሰበታ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሻጩ ጎኑን በጡጫ እየመታ "ፈረስ? ይሄ እኮ ዝሆን ይጭናል!" አለን። እኔ ሜትሬን ዘርግቼ ውስጡን ስለካ አማቴ ከውጭ ሆነው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ፈረሱ በየት በኩል ያያል?"

"ምን ያደርግለታል ማየት? እሱ አይነዳ!" አለ ሻጩ።

አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ልኩ ግን በትክክል ይበቃው ነበር፤ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ሱሉልታ ነው ያገኘነው፤ አንድ ፈረስ የሚያስጋልብ ሰው ከውጭ ያስመጣው ያገለገለ ተሳቢ። እሱን ሳይ ልቤ ቀለጠ። መስኮት አለው፣ መወጣጫ አለው፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ጎማ ተነጥፎበታል፣ ውስጡ ከእኛ ሳሎን ይሻላል። ባለቤቱን "ይሄን ነው ስንፈልግ የኖርነው!" አልኩት። ዋጋ ሳይጠራ እንዲህ የሚል ገዢ አይቶ ስለማያውቅ ግራ ገብቶት አየኝ። ጥራቱን ላሳያቸው ብዬ ገባሁና ወለሉን በእግሬ ደቃሁት። "አዩ አባ ቦራ፣ አዩ ጥንካሬውን!" ሦስተኛው ምት ላይ ቀኝ እግሬ እስከ ታፋዬ ወለሉን ሰንጥቆ ወረደ። ለካ ከዚያ ከሚያምረው ጎማ ሥር ያለው ጣውላ በፈረስ ሽንት በስብሶ ኖሯል። ሱሪዬ ተቀደደ፣ እግሬ ተላጠ፤ ከታች በኩል ጫማዬን አንድ ውሻ እያሸተተው ነበር።

አማቴ ጎንበስ ብለው ከተሳቢው ሥር የተንጠለጠለውን እግሬን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ካገባሁ ጀምሮ እንዲያ በአክብሮት አይተውኝ አያውቁም። "ቢገዛ ኖሮ ይሄ የቦራ እግር ነበር" አሉ። ስንመለስም መንገዱን ሙሉ እያሰቡ ነበር። ማሰባቸው ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን እግሬን እያሸሁ ስለነበር አላስተዋልኩም።

ስለዚህ አዲስ ይሠራልን ተባለና ቡራዩ፣ ማቴዎስ ከሚባል በያጅ ዘንድ ሄድን። ማቴዎስ የወላይታ ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ተስፋው ከእጁ የፈጠነ።

"የፈረስ ተሳቢ ሠርተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ጌታ ይመስገን፣ የዶሮ ሠርቻለሁ። ልዩነቱ ቁመት ነው።"

ልኩን ሰጠሁት፤ ካልወደዳችሁት ለዶሮ አደርገዋለሁ አለንና ተስማማን። መስቀል አሥር ቀን ሲቀረው ደወለልን። ሄደን ስናየው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ከኋላው በትልቁ "ኢየሱስ ያድናል" ተብሎ ተጽፎበት፣ በማቴዎስ አሮጌ ፒካፕ ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል። ከሥር ነውጡን የሚችለው ባሌስትራ አዲስ፣ ወለሉ ወፍራም ላሜራ። ከላይ በኩል መተንፈሻ መስኮት ተከፍቶለታል። በከዘራ ቢመታ፣ በእግር ቢረገጥ ንቅንቅ የለም። እንግዛው አልኩ።

"ቆይ" አሉ አማቴ። "ሱሉልታ ላይ እግርህ ባይገባ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ፈረስ አፍ የለው፣ አይናገር። አንተ አፍ አለህ። ግባ።"

"የት?"

"ተሳቢው ውስጥ። ከቡራዩ ሰበታ እንወስድሃለን። ስትደርስ የተሰማህን ትነግረኛለህ።"

ማቴዎስን ለእርዳታ አየሁት። እሱ በሩን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው።

"ጋሼ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው" አለኝ። "ዶሮዎቹም ቢናገሩ ብዙ እማር ነበር።"

እምቢ አይባልም ብያችኋለሁ። "ቶሌ" ብዬ ገባሁ። አማቴ የፈረስ ማሰሪያ ገመድ በመስኮቱ አቀበሉኝና "አንገትህ ላይ አላልኩህም፣ በእጅህ ያዘው" ብለው አጽናኑኝ። መቀርቀሪያው ከውጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ስልኬ በጃኬቴ ኪስ፣ ጃኬቴ ፒካፑ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተነቃነቅን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጭር ላድርገው፤ መንገዱ ግን አጭር አልነበረም። ማቴዎስ ፍሬን ሲይዝ ላሜራው ላይ ተንሸራትቼ ከፊት ግድግዳ ጋር በግንባሬ እሳሳማለሁ፤ ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ ቁልቁል ወደ በሩ። የሚያዝ ነገር ብፈልግ ያለው ያ የያዝኩት ገመድ ብቻ ነው፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ የትም አልታሰረም። የፒካፑ ማርሚታ ጭሱን በቀጥታ በፊት ግድግዳው ክፍተት ይልክልኛል። መስኮቱ ከፍ ብሎ ስለተሠራ በእግር ጣቴ ካልቆምኩ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታየኝም፤ መጠምዘዣ መምጣቱን የማውቀው ከተጠመዘዝን በኋላ ነው። በዓለም ባንክ ሰፈር በኩል ስናልፍ ቦራን ከልቤ አዘንኩለት። ለራሴም አዘንኩ።

ዓለም ገና ላይ ቆምን። የፒካፑ በሮች ተከፍተው ተዘጉ። አሁን ሊከፍቱልኝ ነው ብዬ ልብሴን አራገፍኩ። ኮቴያቸው ራቀ። ትንሽ ቆይቶ የጥብስ ሽታ መጣ።

ጠበቅሁ። ፀሐዩ ላሜራውን ምጣድ አደረገው። አልቻልኩም፤ በእግር ጣቴ ተንጠራርቼ ዓይኔንና ጣቶቼን በመስኮቱ አወጣሁና ተጣራሁ። የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ቀና አለች።

"ወንድሜ፣ አስረውህ ነው?"

"አይ፣ ተሳቢ ልንገዛ ነው። ለፈረስ።"

"ፈረሱ የታለ?"

"እኔ ነኝ። ማለት፣ ለዛሬ በፈረሱ ፈንታ..."

ሴትዮዋ በቆሎዋን ሰብስባ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ተቀመጠች። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበና ስብከቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠየቀኝ። በመጨረሻ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች።

"ማነው የቆለፈብህ?"

"አማቴ።"

"ምን አድርገህ?" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እምቢ ማለት ስለማልችል ነው።"

ከሰዉ መሐል የአንዳንድ ወንዶች ፊት ሲያዝንልኝ አየሁ። ፖሊሷ ከፈተችልኝ። እንዲህ ያለ አየር በሕይወቴ ስቤ አላውቅም። ወዲያው አማቴ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ ማቴዎስም በእንጀራ የተጠቀለለ ጥብስ ይዞልኝ ከምግብ ቤቱ ወጡ።

"አባባ፣ ሰው በተሳቢ መጫን ክልክል ነው" አለቻቸው ፖሊሷ።

"ልክ ነሽ የኔ ልጅ። ግን ዛሬ ሰው አይደለም።"

ፖሊሷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ሁለተኛ እንዳይለመዳችሁ ብላ፣ እኔን ፒካፑ ውስጥ አስቀምጣ ለቀቀችን።

"ረሱኝ አይደል?" አልኳቸው ስንሄድ፤ ከዚህ በላይ ማኩረፍ ለአማች አይፈቀድም።

"አልረሳንህም። ቦራም መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቁ አይቀርም። ቆመህ ስትጠብቅ ምን ተሰማህ?"

"ራበኝ።"

"ማቴዎስ፣ ገለባ ማስቀመጫ ጨምርበት" አሉ።

ሰበታ ደርሰን የቀረውን ሁሉ ዘረገፍኩ። ማቴዎስ በጠመኔ ተሳቢው ጎን ላይ ይጽፋል። ወለሉ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ተቆርጦ ይነጠፍበት። ፍሬን ሲያዝ ደረቱን የሚደግፍ ብረት ከፊት ይግባ። መስኮቱ ዓይኑ እስከሚደርስበት ይውረድ። ማርሚታው ወደ ጎን ይዙር። ከፊት በኩልም ከውስጥ የሚከፈት ትንሽ በር ይሠራ።

"ጋሼ፣ ፈረስ እኮ ከውስጥ በር አይከፍትም" አለ ማቴዎስ።

"ለፈረሱ አይደለም" አልኩት።

ሁሉም ተስተካከለና ገዛነው። መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው በማቴዎስ ፒካፕ እየጎተትን ሱሉልታ ደረስን። ግቢው ውስጥ አዲስ ቀለም የተቀባ ጋሪ ቆሟል፣ የወንድም ልጅየውም እሱ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ቦራ አማቴን ሲያይ ግቢው እስኪናወጥ አሽካካ። ተሳቢውን ሲያይ ግን አራት እግሩን መሬት ላይ ተከለ። ተሳበ፣ ተገፋ፣ ተለመነ። "ሴኒ ቦራ! ሴኒ!" ግባ ማለታቸው ነው፤ ቦራ ወይ ፍንክች። አማቴ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው መወጣጫው ላይ ወጥተው ሊጎትቱት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቁጭ አሉ። እዚያው ቁጭ ብለው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። የወንድም ልጅየው ከጋሪው ላይ ወረደ።

እኔም ማንም ግባ ሳይለኝ ገባሁ። ገመድ አልያዝኩም። ተሳቢው ውስጥ ቆሜ ከካልሲዬ ውስጥ ያቺን ሁለተኛዋን የልክ ወረቀት አወጣሁ። የፋብሪካ ንብረት ክፍል ሰው ወረቀት አይጥልም። ቦራ ጆሮውን አቆመ፣ አሸተተ፤ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አኖረ። ከዚያ ሁለተኛውን። ኮቴው ጎማው ላይ አልተንሸራተተም። ደረቱ ብረቱ ጋ ደረሰ፣ አንገቱን አሻገረና ወረቀቴን ወሰደ። ማቴዎስ ከኋላ "ሃሌ ሉያ!" ብሎ ሲዘጋ እኔ በትንሿ በር ወጣሁ። ተንበርክኬ መሬቱን ለመሳም ምንም አልቀረኝም።

ሰበታ እስክንደርስ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር። ስንደርስ ቦራ እንደ ደህና እንግዳ ቀስ ብሎ ወረደ፣ እግሩ ደህና፣ ዓይኑ ደህና። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

"የማነው ይሄ የሚያምር ፈረስ?"

"የኔ ነው። ቦራ ይባላል።"

እትዬ ዘነበች ሰበታ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ የአገሩን ወግ ያውቃሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወይኔ! እስከዛሬ ሳላውቅ! አባ ቦራ ነዎታ!"

"አቤት!" አሉ አማቴ።

መንደሩ በሙሉ የሰማው ይመስለኛል። ለሊሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እኔም ጭስ የገባብኝ መስዬ ዓይኔን አሸሁ። ያን ዕለት አባ ቦራ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ።

ከእራት በኋላ እትዬ ዘነበች ወደ እኔ እየጠቆሙ "ታዲያ እሱስ ፈረስ የለው፣ ማን ሊባል ነው?" ብለው ቀለዱ። አባ ቦራ አላሰቡም፤ "እሱማ የተጫነበት አለው፣ አባ ተሳቢ ነው" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም እየሳቅሁ፣ ይህ ነገር ነገ ይረሳል አልኩ።

አልተረሳም። ዛሬ የሠርግ ፈረስ የሚያስጓጉዙ ሰዎች ከቡራዩም ከጫንጮም ሲደውሉ የሚጠይቁት አባ ተሳቢን ነው። ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ተራዬ ደርሶ የመታወቂያ ስሜ ሲጠራ ዙሪያዬን እየተገላመጥኩ፣ ይሄ ሰውዬ የት ሄዶ ነው ብዬ ፈለግሁ።